የይርሳው አልጋና የዶቅዶቄው ዘይት

ጨዋታ ልንገራችሁ። ስትጀምር አጭር ናት፤ እየሄደች ትረዝማለች። የሰለቸው እዚያው በተቀመጠበት ይተኛ። አልቀየመውም።

እምቧጮ አፋፍ በሚባል ደጋ ይርሳው የሚባል ሰው ነበረ። ሚስት አለችው፣ አንጓች። ጥጃ አለው። ሰው ከገበያ ገበያ የሚያመላልስበት ዶቅዶቄ አለው። አልጋም አለው፣ ጠፍሩን ራሱ የወጠረው።

ይርሳው አንድ ነገር ፈለገ። ሹመት አይደለም። መሬት አይደለም። በገዛ አልጋው መተኛት ፈለገ። በቃ።

ወደ አልጋው ሄደ።

«አልጋ ሆይ፣ አስተኛኝ» አለው።

«አላስተኛህም» አለው አልጋው። «አማትህ ወይዘሮ ውድነሽ ተኝተውብኛል። ሚስትህም ከጎናቸው ናት። አማትና አማች በአንድ ጠፍር አልሸከምም፤ እኔም ስም አለኝ።»

እውነቱን ነው። ወይዘሮ ውድነሽ የአንጓች እናት ናቸው። ከቆላ፣ ከሾላ ወንዝ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ያመጣቸውም ይርሳው ራሱ ነው፣ በዶቅዶቄው። አማት ከመጡ አልጋ የአማት ነው። ይርሳው መደብ ላይ ተኛ። ከመደቡ ሥር ደግሞ ጥጃው ታስሯል። ሲነጋ ሲመሽ የይርሳውን ራስ ይልሳል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው «ፀጉርህን ምን ቀባኸው?» ይለዋል። ምን ይበል? «ቅቤ» ይላል።

አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ወደ አማቱ ሄደ። ግን ሂዱልኝ አይባልም። አማቱን ሂዱ ያለ አማች እምቧጮ አፋፍ ላይ አልተወለደም፤ ቢወለድም ማንም አይድርለትም። ጋቢውን አደግድጎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ ልጄ። ዛሬስ ልሂድ መሰለኝ።»

የይርሳው ልብ ዘለለ። አፉ ግን ልቡን አልጠየቀም።

«ኧረ በሞቴ!» አለ አፉ። «ኧረ አፈር ስሆን! ምን አስቸኮለዎት? ትንሽ ይቆዩ እንጂ!»

ወይዘሮ ውድነሽ ተነፈሱ። «እንግዲህ ዶቅዶቄው ከተነሳ እሄዳለሁ። ካልተነሳ አንተም አትሙትብኝ፣ እቀራለሁ። በእግሬ እንዳልወርድ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በመኪና እንዳልሄድ ያስመልሰኛል። በቀትር እንዳልሄድ የቆላው ፀሐይ አናቴን ይበሳዋል። በዶቅዶቄ፣ በጎህ። ሌላ አላውቅም።»

አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ወደ ዶቅዶቄው ሄደ። ወሩ ኅዳር ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ውርጭ እንኳ የሚተኛበት አለው። ይርሳው መርገጫውን ረገጠ። አልወረደም። ቆመበት። አልወረደም። ዘለለበት። ዶቅዶቄው እንደ ደረቅ ሳል አንዴ «ክህ» አለና ጭጭ።

«ተነሳ እንጂ!» አለው ይርሳው።

«አልነሳም» አለው ዶቅዶቄው። «ሆዴ ውስጥ ያፈሰስከው ዘይት እንደ ቅቤ ረግቷል። አንተን እስከ ወገብህ ጭቃ ውስጥ ነክረው ሩጥ ቢሉህ ትሮጣለህ? ዘይቱ ይቅጠንልኝ፤ ያኔ እነሳለሁ።»

ቀትር ላይ ይነሳል። ቀትር ላይማ ማንም ይነሳል። አማት ግን በቀትር አይሄዱም።

ወይዘሮ ውድነሽ ይህን ሁሉ ደጃፍ ቆመው ያያሉ። አይተውም ጎረቤት ይጠራሉ።

«አያችሁልኝ አማቼን? እኔን ለማስቀረት ብሎ ዶቅዶቄውን አበላሸው! እንዲህ ያለ አማች ማን አገኘ?»

«ማንም አላገኘ!» አለ ጎረቤት። ይርሳውን አመሰገኑት። መረቁት። ይርሳው ምርቃቱን ዋጠ።

ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ጎንበስ ብሎ ዘይቱን ለመነ።

«ቅጠን እባክህ።»

«ምን ብዬ?» አለ ዘይቱ። ድምፁም ወፍራም ነው። «እኔ የወፍጮ ዘይት ነኝ። ወፍጮ ትልቅ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ከተነሳ ሲሠራ ይውላል። አንተና ጫኔ ናችሁ ጎትታችሁ የዚች ትንኝ ሆድ ውስጥ የከተታችሁኝ። ፀሐይ ታሙቀኝ፤ ያኔ እቀጥናለሁ።»

ይህም እውነት ነው። ጫኔ ባለወፍጮው ነው፣ የይርሳው ወዳጅ። አማት የመጡ ለት ለክብራቸው ብሎ የወፍጮ ዘይት በጀሪካን ይዞ መጣ። ሁለቱ ወዳጆች ዘይቱን በጣታቸው አሹት።

«አቤት ውፍረቱ!» አለ ጫኔ።

«ማር እኮ ነው!» አለ ይርሳው።

«ወፍጮን የቻለ ለዚች ምን ያንሳታል?»

«ይበዛባት እንደሆን እንጂ!»

ቀጭኑን አሮጌ ዘይት ደፉት። ወፍራሙን ሞሉት። እምቧጮ አፋፍ ላይ ወፍራም ነገር ሁሉ ይከበራል። ወፍራም ጋቢ፣ ወፍራም ወጥ፣ ወፍራም ዳኛ። ዘይቱም እንደዚያው መስሏቸው ነው።

ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ጉብታው ላይ ወጣ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጮኸ።

«ፀሐይ ሆይ! ነገ ቀደም ብለሽ ውጪልኝ!»

«ለምንህ?» አለች ፀሐይ።

«ዘይቴን እንድታሞቂልኝ። አማቴ ሳትወጪ መንገድ መጀመር ይፈልጋሉ።»

«ሳልወጣ? እኔን ሸሽተው ነው?»

«አዎ።»

«ከእኔ ለመሸሽ እኔኑ ቶሎ ነይ ትለኛለህ?» ፀሐይ ሳቀች። እየሳቀች ደመና ውስጥ ገባች። ከውስጥ ሆና ተናገረች። «ሂድ ወዲያ! ለንጉሥ ያልቀደምኩ ለዶቅዶቄ አልቀድምም። ዘይቱን ድፋው እንጂ! ከሥሩ ብሎን የለውም? እሱን ለምነው።»

ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ዶቅዶቄው ሥር በጀርባው ገባ። ውርጩ ጀርባው ላይ ቀለጠ። ብሎኑን አገኘው። በጣቱ ያዘው።

«ተፈታ» አለው።

«በጣት?» አለ ብሎኑ። «በጥርስህስ አትሞክርም? ሁለቱ የፊቶቹ ይሻላሉ።»

ይርሳው በፒንሳ ሞከረ። ፒንሳው አዳለጠና ጉልጥምቱን ላጠው። ይርሳው ያለውን እኔ አልደግመውም።

«አትድከም» አለ ብሎኑ። «ያጠበቀኝ ጫኔ ነው። እጁን ታውቀዋለህ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚያነሳ እጅ ነው። በጫኔ ቁልፍ ካልሆነ አልፈታም።»

ብሎኑ አይፈታ፣ ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ወፍጮ ቤት ሄደ። ጫኔ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል። ወፍጮው ይጮሃል። ይርሳውም ጮኸ።

«ጫኔ! ቁልፍህን አውሰኝ!»

«ለምንህ?»

«ለብሎን!»

«ለየትኛው ብሎን?»

«ለ… ለታችኛው!»

ጫኔ ወፍጮውን አቆመ። እህል ይዘው የተሰለፉት ሁሉ ዞረው አዩ።

«ዘይቴን ልትደፋ ነው?»

«ኧረ ልደፋ ሳይሆን…»

«ልታፈስ ነው?»

«በመጠኑ።»

«በመጠኑ ስንት ነው?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«አንተ ውለታ ቢስ!» አለ ጫኔ። «ለአማትህ ክብር ብዬ የሰጠሁህን! የኔ ወፍጮ ይህን ጠጥቶ የአገር እህል ይፈጫል፤ ያንተ ድንቢጥ ምን ቤት ናትና ነው የምታማርጠው?»

«ጫኔ፣ አስነሳው እንጂ!» አለች አንዲት ሴት ከሰልፉ። «ጤፌ መሃል ላይ ቀረ!»

«ቆይ አንቺ፣ ክብሬ ተነክቷል!» አላትና ወደ ይርሳው ዞረ። «ከእኔ ዘይት የሚሻል ካለ አምጣ። በጣቴ አሽቼ ልየው። ካመንኩ ቁልፉን እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ምስማሩ ላይ ይንጠልጠል።»

ጫኔ ቁልፍ አይሰጥ፣ ብሎኑ አይፈታ፣ ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ወደ እንድሪስ ሱቅ ሄደ። እንድሪስ የመኪናና የዶቅዶቄ መለዋወጫ ይሸጣል። ወሬም ይወዳል። ካንዴላ ሊገዛ የገባ ሰው የቤቱን ጉድ ሁሉ ተናግሮ ይወጣል።

«እንድሪስ፣ የዶቅዶቄ ዘይት ስጠኝ።»

«የትኛውን?»

«ቀጭኑን። በጣም ቀጭኑን። እንደ ውሃ ያለውን።»

«ሾላ ወንዝ ስትደርስ ግሎ በእውነት ውሃ የሚሆነውን? ብረት ከብረት እንዲፋጭ? ወላሂ አልሸጥልህም! ሞተርህ ነክሶ ቀጥ ይልና የምሰደበው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የመኪናውን ስጠኝ።»

«ፍሪሲዮንህን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዘውን፣ ያንሸራትትብሃል። የዶቅዶቄ ሞተርና ፍሪሲዮን ከአንድ ዘይት ነው የሚጠጡት። አቀበት መሃል ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልሄድ ሲል አማትህ ከኋላ ሆነው ይግፉህ?»

ይርሳው አማቱ ሲገፉት ታየው። ደነገጠ።

እንድሪስ ከመደርደሪያው ሁለት ዘይት አወረደ። ሁለቱም የዶቅዶቄ ናቸው። «ይሄ አስር አርባ ይባላል። ይሄ ሃያ ሃምሳ።»

«ትልቁን ስጠኝ።»

«ሽምግልና መሰለህ ትልቁ የሚቀድመው? ስማኝ። የፊተኛው ቁጥር የብርዱ ነው። ባነሰ መጠን በውርጭ ቶሎ ይፈሳል። የኋለኛው የሙቀቱ ነው። በበለጠ መጠን ሲግል ቶሎ አይሟሽሽም።»

«ለብርዱም ለሙቀቱም አንድ ዘይት?»

«አንድ ዘይት።»

«እንዲህ ያለ ጠባይ ሰውም የለው» አለ ይርሳው።

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ» አለ እንድሪስ። ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለ። «አማትህ የሚሄዱት መቼ ነው?»

ይርሳው ወደ በሩ ዞሮ አየ። «ድምፅህን ቀንስ እንጂ ሰውዬ!»

«በዚህ ውርጭ፣ በጎህ የሚሄዱ ከሆነ አስር አርባ ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ቆይተው በግንቦት የሚሄዱ ከሆነ…»

«በግንቦት?» ይርሳው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«በግንቦት ከሆነ ሃያ ሃምሳ ይሻልሃል። ያኔ ቆላው እሳት ነው። ጠይቃቸውና ና። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ አልመልስም፤ ሳልሰማ አልሸጥም።»

«አማቴን? መቼ ይሄዳሉ ብዬ?»

«አዎ።»

«ምላስህ ይቆረጥ፣ እንድሪስ!»

«ይቆረጥ» አለ እንድሪስ። «ዘይቱ ግን እዚሁ ነው።»

እንድሪስ ዘይት አይሸጥ፣ ጫኔ ቁልፍ አይሰጥ፣ ብሎኑ አይፈታ፣ ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ወደ ሚስቱ ሄደ። አንጓች ጓሮ ድንች ትቆፍራለች።

«አንጉዬ፣ እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«መቼ… እንትን… እንደሚሉ።»

«እንትን ምንድን ነው?»

«ወደ ቤት… ወደ ታች… ያው መሄድ።»

አንጓች መቆፈሪያውን ተከለችና ወገቧን ያዘች።

«የወለደችኝን እናት መቼ ትሄጃለሽ ልበላት? እኔስ የተኛሁ መሰለህ? በእንቅልፏ ወፍ ስታባርር ነው የምታድረው! እሽ እያለች በክርኗ ጎኔን ደቆሰችው! ግን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ጠዋት ጠዋት ልሂድ ስትል በሞቴ ብሎ የሚያስቀራት ማን ነው? አንተ! አማቿ ሞቱን እየጠራ ሲለምናት እኔ ልጇ ሂጂ ልበል? ከባዕድ የከፋች ልባል? መጀመሪያ አንተ አፍህን ዝጋ። አንድ ጠዋት ዝም በል። ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ።»

አንጓች እናቷን አትጠይቅ፣ እንድሪስ ዘይት አይሸጥ፣ ጫኔ ቁልፍ አይሰጥ፣ ብሎኑ አይፈታ፣ ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ።

ይርሳው ከቤቱ ጀርባ ዞረ። ማንም እንደሌለ አየ። አፉን በእጁ ያዘና ለመነው።

«አፌ ሆይ፣ ነገ አማቴ ልሂድ ሲሉ ዝም በል።»

«አልችልም» አለ አፉ። «አባትህ ያስለመዱኝ ነው። ልሂድ ሲሉ በሞቴ ይወጣል። እኔ በር ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም። የሚዘጋኝ ካለ ይምጣ።»

ይርሳው አላመነም። ሞከረ።

ነጋ። «ዛሬስ ልሂድ መሰለኝ» አሉ አማት። «በሞቴ!» አለ አፉ።

ደግሞ ነጋ። ይርሳው የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ቆመ። «ዛሬስ ልሂድ» አሉ አማት። «ብም… ብሞ…» ጋቢው ከአፉ ወደቀ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ደግሞ ነጋ። ደጅ ወጥቶ ከአጥሩ ኋላ ተደበቀ። እዚያ ሆኖ አማት «ዛሬስ ልሂድ» ሲሉ ሰማ። ከአጥሩ ኋላ «በሞቴ!» የሚል ጩኸት መጣ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። «ምን ያለ አማች ነው!» አለ ጎረቤት።

አፉ አይዘጋ፣ አንጓች እናቷን አትጠይቅ፣ እንድሪስ ዘይት አይሸጥ፣ ጫኔ ቁልፍ አይሰጥ፣ ብሎኑ አይፈታ፣ ፀሐይ አትቀድም፣ ዘይቱ አይቀጥን፣ ዶቅዶቄው አይነሳ፣ አማት አይሄዱ፣ አልጋው አይለቀቅ፣ ይርሳውም አይተኛ። ዓይኑ ቀላ። ገበያ ሲሄድ ዶቅዶቄው ላይ ያንቀላፋል። አንዴ አጥር ውስጥ ገባ። አንዴ ከተሳፋሪው ጋር ቦይ ገባ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ።

አንጓች አየችው። እንዲህ ከሰነበተ ገደል ይገባብኛል አለች። በማግስቱ በጠዋት ድንች ቀቀለች።

ወይዘሮ ውድነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ይርሳው አደግድጎ ቆሟል። አንጓች ከአጠገቡ ናት፣ ሳህን ይዛለች። ድንቹ ይጨሳል።

«ልጄ» አሉ አማት፣ «ዛሬስ ልሂድ መሰለኝ።»

ይርሳው አፉን ከፈተ።

«በ…»

አንጓች ድንቹን ወተፈችበት። ትልቅ ድንች ነው። ትኩስ ነው።

«እምም» አለ ይርሳው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ ውድነሽ ጠበቁ። በሞቴ እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም። ይርሳውን አዩት። ድንቹን አላዩም፤ ካዩም አላየሁም አሉ።

«ዛሬ አልለመንከኝም» አሉ ቀስ ብለው።

 ጥጃው እንኳ ጆሮውን አቆመ።

«እማዬ» አለች አንጓች። መሬት መሬት ታያለች። «መቼ ነው የምትሄጂው?»

እናትየው ልጃቸውን አዩ። አማቻቸውን አዩ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ተመስገን!» አሉ። «ነገ ነዋ! በጎህ! በዚሁ በውርጩ! ማሽላዬ ደርሶ ቆሟል፤ ወፍ እየጨረሰው ነው! ከመጣሁ ማግስት ጀምሮ ልቤ ሾላ ወንዝ ነው። ይህ ልጅ ግን በሞቴ፣ በሞቴ! ሞቱን እየጠራ ሲለምነኝ ምን ላድርግ? አማቼን ገድዬ ልሂድ?»

ይርሳው ድንቹን ዋጠው። እስከ ሆዱ ድረስ እያቃጠለው ወረደ።

«አልጋውስ ተመችቶኝ መሰላችሁ?» አሉ አማት። «ጠፍሩ ጀርባዬ ላይ ትልም አወጣ! እኔም እኮ የገዛ አልጋዬን ነው የፈለግኩት!»

እዚህ ላይ አልጋው ተቀየመ። ይቀየም።

ድንቹ አፉን ዘጋ። አፉ ሲዘጋ አንጓች ጠየቀች። አንጓች ስትጠይቅ አማት ተናገሩ። አማት ሲናገሩ ይርሳው ሮጠ። እንድሪስ ሱቅ ደረሰ፣ ምላሱ ተቃጥሏል።

«ነዳ ነው!» አለ።

«ነዳ ምንድን ነው?»

«ነገ! ነገ በጎህ!»

«አስር አርባ!» አለ እንድሪስ፣ አወረደለት።

ይርሳው ዘይቱን ይዞ ወፍጮ ቤት ደረሰ። ጫኔ ክዳኑን ከፈተ። ጣቱን ነከረ። አሸው።

«ቀጭን ነው» አለ። «የጦም ሾርባ ነው። ቁልፍ የለም።»

«ና ውጣ» አለው ይርሳው።

ገና ጠዋት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ውርጩ አልቀለጠም። የጫኔ የራሱ ጀሪካን ውጭ አድሮ እዚያው ቆሟል። «እስቲ ያንተን ቅዳው» አለው ይርሳው። ጫኔ ጀሪካኑን ጣሳ ላይ ገለበጠው። ዘይቱ አሰበ። አሁንም አሰበ። ከጀሪካኑ አፍ ጫፍ መጥቶ እንደ ንፍጥ ተንጠለጠለና ቀረ። ይርሳው አዲሱን ዘይት እዚያው ውርጩ ላይ አስቀመጠና ጠበቀ። ያኛው እስኪወርድ ይሄኛውም በረደ። አዘነበለው። ሸር ብሎ ወረደ።

ጫኔ አየ። እህል ይዘው የተሰለፉትም ወጥተው አዩ።

«እኔ እኮ ለወፍጮ ነው የሚሆነው ብያለሁ» አለ ጫኔ።

«አላልክም።»

«ልል ነበር።»

ቁልፉን ከምስማሩ አወረደና ሰጠው። ራሱም ተከትሎት መጣ፤ በሌላ እጅ ብሎን ሲፈታ ማየት አይወድም።

ጫኔ ቁልፍ ሰጠ፣ ብሎኑ ተፈታ። ቀትር ላይ ነው የፈቱት፣ ሞተሩን አሙቀው፣ ፀሐይም ከላይ እያየች። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ወፍራሙ ዘይት ወርዶ ጀሪካኑ ውስጥ ተኛ። ቤቴ ውሰዱኝ አለ። አዲሱ ገባ።

ሲነጋጋ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ውርጩ ከትናንቱ የባሰ ነው። ወይዘሮ ውድነሽ ነጠላቸውን አጥብቀው አስረዋል። ጎረቤት ሁሉ ሊሸኝ ቆሟል። ይርሳው መርገጫውን ረገጠ። መርገጫው ወረደ።

ዱቅ። ዱቅ ዱቅ። ዱቅዱቅዱቅዱቅ።

«ተነሳ!» አለ ይርሳው። ጮኸ። በጣም ነው የጮኸው። ጎረቤት አየው። ቶሎ ብሎ ፊቱን አጨማደደና «ምነው ባልተነሳ» አለ። አንጓች ዞር ብላ ሳቀች።

ወረዱ። ብርዱ አለቀ፣ ሙቀቱ ጀመረ። ዶቅዶቄው አላጉረመረመም። ሾላ ወንዝ ሲደርሱ ወይዘሮ ውድነሽ ዶቅዶቄው ሳይቆም ወርደው ማሽላው ውስጥ ገቡ። «እሽ! ውረድ! አንተ ሌባ!» ወፉ እንደ ደመና ተነሳ። ከማሽላው ግማሹ አለ። ግማሹም ደግ ነው።

ተመልሰው ወጡ። አማቻቸውን ግራና ቀኝ ሳሙት።

«ደህና ሁን ልጄ። እንግዲህ አንጓች የወለደች ለት እመጣለሁ።»

«ይምጡ እማማ!» አለ አፉ። «በሞቴ ይምጡ!»

ወይዘሮ ውድነሽ ዶቅዶቄውን መታ መታ አደረጉት።

«ዘይቱን ግን አትለውጠው» አሉ።

ይርሳው አቀበቱን ወጣ። ቤቱ ገባ። ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት። ጫማውን አላወለቀም። ውሃ አልጠጣም። ወደ አልጋው ሄደ። አልጋው ዛሬ አንድም ቃል አልተናገረም።

አንጓች ገባች። መሃል ላይ ተዘርግቶ አገኘችው።

«ጠጋ በል እንጂ» አለችው።

የሚሰማ የለም። በጉልበቷ ገፋ አድርጋው ጠርዙ ላይ ተኛች። የሚደቁሳትም አልነበረም።

እኔ ከዚህች ጨዋታ እዚህ ወረድኩ። መንዳት የሚፈልግ ካለ ይርገጣት።